ከአሸዋው ማዶ ያለው ቤት

ሃሊሞ ድሬዳዋ ከገባች ጀምሮ ያልፈራችው ነገር የለም። ጋሪው ልጆቹን ይደፈጥጥብኛል ብላ ትፈራለች፤ የመብራቱ ሽቦ ይወድቅባቸዋል ብላ ትፈራለች፤ ባቡሩ ሲያፏጭ ሁለቱንም ጎትታ ከጉያዋ ትከታለች። ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ሰፈር ለሰፈር አይዞርም ቢሏት፣ "ምን ይታወቃል" ትላለች። የልጅ ልጆቿ ሑዳና ዐያንሌ በመጀመሪያው ሰሞን አብረዋት ይደነግጡ ነበር። ኋላ ግን ለመዱና አያታቸው ስትደነግጥ እየተያዩ መሳቅ ጀመሩ። ሁሉን ስለምትፈራም የትኛውን ፍርሃቷን እንደሚሰሟት፣ የትኛውን እንደሚተዉት የሚያውቅ ሰው ጠፋ።

የመጡት ከገጠር፣ ከጀልዴሳ ነው። ልጇ አብዱላሂ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። "እኔ የመንገድ ሰሌዳ ማንበብ አቅቶኝ ስንቴ ከመንገዴ ወጥቻለሁ፤ እነሱ እንደኔ አይሆኑም" ብሎ ልጆቹን ከተማ ለማስተማር ቆረጠ። ሚስቱ ኑርቶ አራስ ስለሆነች አርባዋ እስኪወጣ እዚያው ቀረች። ሃሊሞ ናት ልጆቹን ይዛ ቀድማ የመጣችው። መስከረም ሲጠባ ትምህርት ቤት አስገባቻቸው፤ ያረፉትም መጋላ ሰፈር፣ ከወንድሟ ልጅ ከፋራህ ቤት ነው።

አብዱላሂ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "ሆዮ፣ እናቴ፣ ዓርብ ኑርቶንና ዕቃውን ጭኜ እመጣለሁ። የምንኖርበትን ቤት አንቺ ምረጪ። እኔን መኪናዬን የት እንደማቆም ብቻ ንገሪኝ" አላት።

ሁለት ቤት ነበር የሚመረጠው።

አንዱ የፋራህ ነው። ፋራህ የአቡጀዲ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ከግቢው ጀርባ ባዶ የሆነ ሁለት ክፍል አለው። ግቢው በግንብ የታጠረ ነው፤ መሐሉ ላይ ጥላ የሚጥል ዛፍ አለ፤ ቁርኣን የሚያስተምሩት መምህር ደግሞ አጥር ተጋሪ ናቸው። ከሁሉ በላይ ሃሊሞ ከጀልዴሳ በመኪና ጭና ያመጣቻት ፍየል ከዛፉ ሥር ታስራ ታመሰኳለች። ሃሊሞ የከተማ ወተት አታምንም። ይህን ግቢ ከትምህርት ቤቱ የሚለየው ደቻቱ ብቻ ነው። ደቻቱ ወንዝ ይባላል እንጂ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው።

ሁለተኛው ቤት ከአሸዋው ማዶ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው። ቱሪያ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት ልብስ ሰፊ ከራሷ ቤት ጎን ያለውን ክፍል ታከራያለች። ትምህርት ቤቱ ከበሯ ላይ ሲቆሙ ይታያል። ግን ግቢ የለውም፤ ዘመድ የለበትም፤ በሩ ጋሪ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ይከፈታል። ሃሊሞ ልታየው በሄደች ጊዜ ቱሪያ ከመስፊያ መኪናዋ ሳትነሳ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ልጆችሽን ይዘሽ ነይ። ፍየልሽን ግን እዚያው። የሰው ቀሚስ የበላች እንደሆነ የምከፍለው እኔ ነኝ።"

"ፍየሌ ጨርቅ አትበላም" አለች ሃሊሞ።

"ፍየል አይደለችማ እንግዲህ።"

ሃሊሞ መንገዱን ሁሉ እየተብከነከነች ተመለሰች። የልጇ እኩያ የምትሆን ሴት አሮጊቷን አንቺ ብላ፣ በፍየሏ ላይ ቀልዳ! ለፋራህ ስትነግረው ሳቀ። አክስቱን ኤዶ እያለ ነው የሚጠራት።

"ኤዶ፣ ድሬ ውስጥ ሁሉም አንቺ ነው። እሱን ተይውና፣ ቤቴ ባዶ እያለ ከባዕድ ብትከራዩ ሰው እኔን ምን ይለኛል? የአክስቱን ልጆች ከደጁ መለሰ ነው የሚሉኝ።"

"ወንዙስ?"

"የቱ ወንዝ?"

"ይሄ ደቻቱ።"

"ይሄማ ገበያ ነው ኤዶ። ሽንኩርት የምንገዛበትን አትፈሪ እንጂ። ከፈራሽም ታች ድልድይ አለልሽ።"

ድልድዩ በእርግጥ አለ፤ ለልጅ እግር ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። ማንም የሚያቋርጠው በአሸዋው ነው። ሃሊሞም ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ግራና ቀኝ ይዛ በምንጣፍና በከሰል ሻጮች መሐል እያለፈች ታደርሳቸዋለች፤ ከሰዓት ሄዳ ትቀበላቸዋለች። በሐረር በኩል ወዳሉት፣ ጎርፉ ወደሚነሣባቸው ተራሮች ሳታይ አሸዋው ላይ እግሯን አሳርፋ አታውቅም። ሲፈነጥዙ ያየቻቸውን ልጆች ሁሉ፣ የማታውቃቸውንም ጭምር፣ "ውጡ ከዚህ" ትላለች።

ሐሙስ ጠዋት ግን ተሸነፈች። ዓርብ ነገ ነው፤ አብዱላሂ ሲደርስ መልስ ይፈልጋል። የፋራህን ግንብ አየች፤ ፍየሏን አየች፤ የቱሪያን ምላስ አሰበች። "እዚሁ እንሆናለን" አለችው። ፋራህ እጇን ሳመ። ሚስቱ ፋዱሞም ወዲያው ኖራ በጥብጣ ለአዲሶቹ ነዋሪዎች ክፍሎቹን መለቅለቅ ጀመረች።

ፋዱሞ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ግን አያርፍም። ውሃ ከቦኖ በግዢ ነው የሚመጣው፤ ያን ዕለት ጠዋት እንስራውን ስታዘነብል የቀረው ጥቂት ነው። "ይቺ ፍየል ከእኔ ልጆች የበለጠ ትጠጣለች" አለች፤ ስቃ ነው ያለችው። ዐያንሌ በር ላይ ቆሞ ደብተሩን ከልብሱ ሥር እየወሸቀ ሰማት። ጀልዴሳ እያለ ፍየሎቹን የሚያጠጣ እሱ ነበር። በፍየሏ በኩል ዞሮ እህቱን ተከትሎ ወጣ።

ከሰዓት ሃሊሞ ልትቀበላቸው ስትነሳ ፋዱሞ ኖራ የጠጣውን ጨርቅ አቀበለቻት።

"ኤዶ፣ ይሄን ግድግዳ ጨርሺልኝ። ልጆቹ ሲያገቡም እጃቸውን ይዘሽ ነው የምታደርሻቸው? ሑዳ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ታመጣዋለች።"

ሃሊሞ አመነታች። ውጭ ወጥታ ሰማዩን አየችው። ከከተማው በላይ ንጹሕ ነው፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ወደ ተራሮቹ እንዳታይ አዲሱ የጎረቤት ፎቅ ጋርዷታል። ተመልሳ ገባችና ጨርቁን ያዘች።

ግድግዳውን ከግማሽ በላይ ለቅልቃ ነበር፣ ድምፁ ሲመጣ። መጀመሪያ ባቡር መሰላት። ባቡር ግን ያፏጫል፤ ይሄ አያፏጭም። ቀጥሎ ከገበያው በኩል የሰው ጩኸት ተነሣ። ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ሮጣ ስትወጣ ዓይኗ ዛፉ ሥር አረፈ። ፍየሏ አለች። ከጎኗ የሚቀመጠው የውሃ ጣሳ ግን የለም።

ጣሳው ለምን እንደሌለ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ጀልዴሳ ላይ አሸዋ ውሃ ነው። ልጅ ጣሳ ይይዛል፣ ከወንዙ መሐል ይንበረከካል፣ በእጁ ይቆፍራል፣ እርጥቡን እያወጣ ውሃው እስኪመነጭ ይጠብቃል። ዐያንሌን ይህን ያስተማረችው ራሷ ናት።

ጫማዋን አላደረገችም። ከዳር ስትደርስ ገበያው የለም። ቡናማ ውሃ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይጋልባል፤ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የሽንኩርት ቅርጫት፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ይዞ ይወርዳል። ሻጮቹ ዳር ላይ ቆመው ዕቃቸውን በዓይን ይሸኛሉ። ማዶም ሕዝብ ቆሟል። ሃሊሞ አንድ በአንድ በዓይኗ ለቀመቻቸው። ቢጫ ሻሽ አየች፤ ሑዳ ናት። ከጎኗ ትከሻዋን ይዛ የቆመችው ረጅም ሴት ቱሪያ ናት።

አንድ ልጅ ብቻ።

ሃሊሞ ሁለት ጣቷን ወደ ላይ አወጣች። ቱሪያ እጇን አወዛወዘች፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አይታወቅም። ሃሊሞ ጮኸች፤ ውሃው ድምፅዋን ዋጠው። ደግማ ሁለት ጣቷን አሳየች። ያኔ ሑዳ እጇን ዘርግታ ወደ ውሃው መሐል ጠቆመች።

ሃሊሞ ወደ ውሃው ተንደረደረች። አንዲት ከሰል ሻጭ ባትይዛት ከዳሩ ጋር ወርዳ ነበር። ፋራህ ከሱቁ እየሮጠ ሲደርስ ኖራ በነካው እጇ ሽርጡን ጨምድዳ ያዘች።

"ድልድዩ" አለችው።

ወደ ድልድዩ ግማሽ በሩጫ፣ ግማሽ በእርምጃ ሄዱ። ፋራህ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ዱዓ ነው። ሃሊሞ ውሃውን ላለማየት ትሞክርና ታያለች። ጥቁር ነገር ብቅ ሲል ትቆማለች፤ ግንድ ነው። ደግሞ ብቅ ሲል ትቆማለች፤ የግመል ኮርቻ ነው።

"ኤዶ፣ አትይው፤ ተራመጂ።"

"ጣሳ ይዞ ነው የሄደው ፋራህ። ለፍየሏ ብሎ።"

ፋራህ ክንዷን ያዘና ድልድዩን አሻገራት።

ቱሪያ በሯ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ሰላምታ አላስቀደመችም።

"ልጅሽ ውስጥ ነው። በሕይወት አለ። መጀመሪያ ተቀመጪ።"

ሃሊሞ አልተቀመጠችም። ዐያንሌ ከመስፊያ መኪናው ሥር ገብቶ፣ ገና ዳሩ ባልተቀመቀመ የሰው ቀሚስ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑ ብቻ ይታያል። እግሩን ያዘችና ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ቀጥሎ እጁን። ቀጥሎ ጆሮውን። አልመታችውም፤ አልሳመችውምም። ሑዳ ከኋላዋ ቆማ ታለቅሳለች፤ "ይቆፍር የነበረበትን ነው ያሳየሁሽ አዬዮ፣ እዚያ ነበር ልልሽ ነው" ትላታለች አያቷን።

"በመስኮት አየሁት" አለች ቱሪያ። "እህቱ ዳር ቆማ ውጣ ትለዋለች፣ እሱ መሐል ላይ ተንበርክኮ ይቆፍራል። ሰው ከላይ ውሃው መጣ መጣ እያለ ይሮጣል። በአማርኛ ብጠራው አይሰማ። በኦሮምኛ ብጠራው አይሰማ። ወርጄ በሱማሌኛ ስሰድበው ቀና አለ፤ ጎትቼ አወጣሁት።"

"ምን ብለሽ ሰደብሽው?" አለች ሃሊሞ።

"ለአያቱ አይነገርም።"

ዐያንሌ ከቀሚሱ ውስጥ ድምፅ አሰማ። "ጣሳው ሄደ አዬዮ። ቆፍሬ ውሃው ጋ ደርሼ ነበር።"

ሃሊሞ ያኔ ተቀመጠች፤ ሲሚንቶው ላይ። እጇ ላይ ያለው ኖራ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዙሪያዋን አየች፦ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ግቢ የለ፣ ዛፍ የለ። ቀና ብላ ፋራህን አየችው።

"ፋራህ፣ ጠዋት የሰጠሁህን ቃል መልስልኝ።"

ፋራህ የበሩን መቃን ያዘ። ፊቱ ጠቆረ። "ኤዶ፣ ዛሬ ደንግጠሻል። ነገ እንነጋገር።"

"ነገ አብዱላሂ ይመጣል። ዛሬ ነው።"

"ዘመዱን ሁሉ ነግሬአለሁ። ፋዱሞ ክፍሎቹን ለቅልቃለች። ሰው ምን ይለኛል? የገዛ አክስቱ ከቤቱ ወጥታ ከልብስ ሰፊ ተከራየች?"

"ልብስ ሰፊዋ እዚህ ነው ያለችው" አለች ቱሪያ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

ሃሊሞ ዝግ ብላ፣ "ፍየሏ ካንተ ዘንድ ትቀመጥ" አለችው። "ወተቷን ልጆችህ ይጠጡ። የምትወልደው የእኛ ነው፤ ልናይ እንመጣለን፣ ልንቆጥር እንመጣለን። እንስሳዋ ከግቢህ ያለች ሴት ከግቢህ ወጣች ይባላል?"

ፋራህ መሬት መሬት አየ። በወገኖቹ ዘንድ የምትታለብ እንስሳ ለዘመድ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ የሰጠ አልራቀም፣ የተቀበለ አልተናቀም። ሃሊሞ ደግሞ ያቺን ፍየል እንደምን እንደምትወድ ያውቃል።

"አይባልም" አለ በመጨረሻ። ወዲያው፣ "ውሃዋንስ ማን ያጠጣታል?" አለ።

"ፋዱሞ ትግዛላት።"

ቱሪያ ሳቀች። ፋራህ ላለመሳቅ ታግሎ አቃተው።

ሃሊሞ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ከማዶ መጋላ ይታያል፤ ውሃው በመሐሉ ገና ይጋልባል።

"ልጄ ነገ ዕቃ ጭኖ ይመጣል" አለች ወደ ቱሪያ ዞራ። "መኪናውን የት ያቁም?"

"ከመስኮቴ ሥር ካልሆነ የትም ያቁም። ብርሃን እፈልጋለሁ።"

አንድ ጋሪ እየተንኳኳ በበሩ ፊት አለፈ። ሃሊሞ ወደ ኋላ ሸሸችና ዐያንሌን ከነቀሚሱ ወደ ራሷ ጎተተችው።

"ይሄ ጋሪ" አለች፣ "ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የሚያልፈው?"