የለንም የማይል ቤት

እናቴ «ጥልቅ» ትለኛለች። ልጅ ሆኜ ጎረቤት አዲስ ዕቃ ገባ ከተባለ ካላየሁት እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። አድጌም አልተውኩትም፤ ልዩነቱ አሁን ሰው ቤት ገብቼ የማየው በደመወዝ መሆኑ ነው።

የምሠራው ደሴ፣ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የተማሪዎች አገልግሎት ክፍል ነው። ፒያሳ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያችንን ከሩቅ ያየ ሰው ነጻ የትምህርት ዕድል እንደ ዝናብ የሚወርድ ይመስለዋል። ቀረብ ብሎ ሲያነበው ግን ጥሩ ውጤት ላመጣ ግማሽ፣ ለሠራተኛ ልጅ ሩብ፣ ለኳስ ተጫዋች ደግሞ አንዳች ነገር እያለ ይወርድና ከሁሉም በታች፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የመክፈል አቅም ለሌላቸው ሙሉ ነጻ» ይላል። ዘንድሮ ከሙሉዎቹ ቦታዎች የቀረችው አንዲት ብቻ ነበረች። ተራ የደረሳት አመልካች ደግሞ የኮምቦልቻዋ ረውዳ የሱፍ ናት።

ረውዳን መንግሥት ዩኒቨርሲቲ መድቧት ነበር፤ ግን ሩቅ አገር። እናቷ መዲና ወገቧን ታማ ከተኛች ዓመት አልፏታል። የምታነሣት፣ የምታጥባትና የምታጎርሳት ረውዳ ናት። ደሴ ከሆነ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች፤ እኛ ካልተቀበልናት ግን ትምህርት የለም። ይህን ሁሉ የጻፈችው በሁለት መስመር ነው፤ አላለቃቀሰችበትም። እኔ ደግሞ የማያለቃቅስ ማመልከቻ አይቼ ስለማላውቅ ልጅቷን ማየት አማረኝ።

በደንባችን ቤት ሳይታይ ሙሉ ዕድል አይሰጥም። ሁለት ሰው ሄዶ ያያል፤ ወላጅም በገዛ አንደበቱ «መክፈል አልችልም» ብሎ ይፈርማል። አብሮኝ የሚሄደው የፋይናንሱ አብይ ነው። አብይ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» የሚለውን ተረት የፈጠረ ሰው የእሱን ዘመድ ሳያገኝ አይቀርም። ቅጹ ላይ ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ ምንጣፍ፣ የቤት እንስሳ እየተባለ የሚሞላ ቦታ አለ። አብይ ሰው ቤት ሲገባ ዓይኑ ከሰላምታው ቀድሞ እነሱ ላይ ያርፋል።

ዋዜማውን ለረውዳ ደውዬ «ነገ እንመጣለን፤ ምንም እንዳትዘጋጁ» አልኳት። ለወሎ ሰው «እንዳትዘጋጁ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወሎዬ ሆኜ እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን ሞቃቷ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ቤቱ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ነው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ክፍል እየተከራዩ የፋብሪካ ሠራተኞች ይኖሩበታል። የረውዳ አባት የሱፍ ጀርባው እስኪከዳው ድረስ ጫኝ ነበር፤ አሁን ዘበኛ ነው። የግቢው በር ላይ ነጭ ጋቢ ለብሶ ቆሞ ጠበቀን።

«አሰላሙ አለይኩም! መርሀባ! ግቡ፣ ቤቱ የናንተ ነው!»

ገባን። አብይ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን። ጠባቧን ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የሞላ ቀይ ሶፋ ተዘርግቷል። መሬቱ ላይ ምንጣፍ በምንጣፍ ተደርቧል። ሰፊ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ይጮሃል፤ ባለመስታወት ብፌ ውስጥ ብርጭቆ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ከመጋረጃው ኋላ የመዲና ድምፅ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ልጆቼ» አለን። አብይ ተቀመጠና ሶፋው እየዋጠው ቅጹን ገለጠ። እስክሪብቶው ላፍታም አላረፈም።

ከዚያ ምግብ መጣ። ደንባችን ከምንጎበኘው ቤት አትብሉ ይላል፤ ደንቡን ያወጣው ሰው ግን የሱፍን አያውቀውም። «ወላሂ ሳትቀምሱማ አትወጡም!» አለ። በአንድ በኩል ረውዳ የበግ ወጥ ይዛ ገባች። በሌላ በኩል ኩኩ የምትባል ጎረቤታቸው፣ አንገቷ ላይ መስቀል ያሰረች ወፍራም ሴት፣ የዶሮ ወጥ በሌላ ትሪ አቀረበች።

«የማን ሃይማኖት ምን እንደሆነ አላወቅንም» አለ የሱፍ የእኔን ሻሽና የአብይን ማተብ እያየ። «እስላም ቢመጣ በጓን እኔ ቢስሚላህ ብዬ አርጃለሁ። ክርስቲያን ቢመጣ ዶሮዋን የኩኩ ባል ባርኳታል። የሚያሳፍር ነገር የለም፤ ብሉ።»

በኛ አገር ይኼ ወግ ነው፤ ድግስ ሲኖር ዕርዱ ሁለት ነው። ግን ለሁለት የቢሮ ሰው? አብይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «እኔ ቤት በግና ዶሮ የሚገናኙት ለፋሲካ ነው» አለኝ። እሱ ዶሮውን፣ እኔ በጉን ያዝን። እውነቱን ልናገር፣ ጣፍጦኝ ነበር። የሱፍ «ይቺን ደግሞ ስለ መዲና» እያለ ሲያጎርሰኝ እምቢም አላልኩ።

አብይ አፉን ጠርጎ ወደ ሥራው ገባ።

«አባባ፣ ገቢዎ እንዴት ነው?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«ለቤቱ ይበቃል?»

«ረቢ ያብቃቃዋል።»

«የሚጎድላችሁ ነገር ካለ…»

«ምን ጎድሎን! ሹክር ነው እንጂ። የመዲናን ጤና ይመልስልን እንጂ ሌላ ምን እንሻለን?»

አብይ «ችግር የለም» ብሎ ጻፈ። ረውዳ በሩ ሥር ቆማ የሻሽዋን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልላለች። ቀጭን፣ ዓይኗ ንቁ የሆነ ልጅ ናት፤ እስክሪብቶው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፊቷ ይጠቁራል። እያየች ዕድሏ ከእጇ እየወጣ ነበር።

እኔን ግን ጥልቅነቴ አላስቀምጥ አለኝ። የሱፍ ሶፋው ጫፍ ላይ ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ተሰብስቦ ነው የተቀመጠው። ረውዳ የውሃ ብርጭቆ ፍለጋ የብፌውን በር ሁሉ ከፈተች። ቴሌቪዥኑን ቀንሺው ስትባል ዙሪያውን ስትዳብስ ቆይታ፣ በመጨረሻ ኩኩ መጥታ ቀነሰችው። ሰው የገዛ ብርጭቆው ያለበትን እንዴት አያውቅም?

«እጄን ልታጠብ» ብዬ ወጣሁ።

እጄን አልታጠብኩም። የጎረቤቶቹን በር አንድ በአንድ አየሁ። የመጀመሪያው አሚና የምትባል ጎረቤት ክፍል ነው፤ ወለሉ ላይ አራት የሶፋ እግር ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፣ ሌላ ነገር የለም፤ አሚና ባዶ መሬት ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከሷ ቀጥሎ ያለው፣ በሽር የሚባለው ጎረቤት፣ ግድግዳው ላይ የቴሌቪዥን ማንጠልጠያ ብቻ ቀርቶታል፤ ሽቦው ተንዠርግጎ ይወዛወዛል። የኩኩ ባል ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይበላል። ግቢው ሁሉ ተራቁቶ የሱፍን አልብሶታል። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቸግሯቸው ሶፋ የተበደሩ ሰዎች ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ኩኩ ከኋላዬ ደረሰችብኝ።

«ምን ታያለሽ፣ እህቴ?»

«ሶፋው የማን ነው?»

ትንሽ አቅማማች። «የአሚና ነው። ብፌው የኔ። ምን ታደርጊዋለሽ? የዩኒቨርሲቲ ሰው ሊመጣ ነው ሲባል ሰሌን ላይ ይቀመጥ?»

«እኮ እኛ የመጣነው የሌላቸው መሆኑን ልናይ ነው!»

ኩኩ የምቀልድባት መስሏት ሳቀች። ፊቴ እንዳልተፈታ ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

«ለሌለው ሰው ማን ይሰጣል? በማርያም፣ እስቲ አንቺ ንገሪኝ! ለሌለው የሚሰጠው ፍርፋሪ ነው። ይኼ ደግሞ ትምህርት ነው። ትምህርት የሚሰጠው ለተከበረ ቤት ልጅ ነው ብለን እኮ ነው ይኼን ሁሉ የተሸከምነው!»

ስንት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስቆይ ለምን እንደምንመጣ ለአንድም ቤት በቅጡ አስረድቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

አብይን ወደ በሩ ጠርቼ ያየሁትን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው። አባትየው ራሱ ካልተናገረ ምን ላድርግ? ደንቡ ነው።»

እውነቱን ነው። ገብቼ የሱፍ ፊት ተቀመጥኩ።

«አባባ፣ ልንገርዎት። ይህ ዕድል የሚሰጠው መክፈል ለማይችል ሰው ነው። ዕቃውን ሳይሆን እርስዎን ነው የምንሰማው። አልችልም ካላሉ ረውዳ ቦታውን ታጣለች።»

የሱፍ እጁን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ልጄ፣ ሰጪውም እሱ፣ ነሺውም እሱ። እንግዳ አስቀምጬ በረቢ ላይ ስሞታ አላሰማም። የምትፈልጉት ስሞታ ከሆነ ከኔ ቤት የለም።»

«አባቴ…» አለች ረውዳ።

አብይ ወረቀቱን አጠፈ። ረውዳ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች፤ አታለቅስም፣ ግን ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። የሱፍን ልቆጣው አማረኝ፤ እጁንም ልስመው አማረኝ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ያን ጊዜ መዲና ከመጋረጃው ኋላ ተናገረች።

«የሱፍ፣ ረቢ የሰጠህን ሪዝቅ ካድ ያለህ የለም። ግን የሰው አማና ቤታችን አለ፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። ረውዳ፣ መልሺ።»

የሱፍ ከሶፋው ተነሣ። ሰው አደራ ሲመልስ አትመልስ የሚል እስላም የለም።

ረውዳ የመጀመሪያዋን ትራስ አነሣች። ከዚያ ብርጭቆዎቹን። ኩኩ «ያ ረቢ!» አለችና (እሷም ስትደነግጥ ረቢ ነው የምትለው) ብፌዋን ባዶ ማድረግ ጀመረች። በሽር መጥቶ ቴሌቪዥኑን ነቀለ። አሚና ሽንኩርት በሽንኩርት በሆነ እጇ ምንጣፎቹን ጠቀለለች። በመጨረሻ ሶፋው ላይ አብይ ብቻ ቀረ።

«ወንድሜ፣ አንዴ ተነሥልን» አለው በሽር።

አብይ ተነሣ። ሶፋው በሩ ላይ ተቀረቀረ፤ ገፉት፣ ሳቡት፣ እምቢ አለ። አብይ ትንሽ አየና እስክሪብቶውን ጥርሱ ውስጥ ነክሶ አንዱን ጫፍ ያዘ። አጋድለው አወጡት።

ስንመለስ ክፍሏ ሰፍታ ጠበቀችን። የቀረው አንድ ሰሌን፣ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን፣ ከመጋረጃው ኋላ የመዲና ፍራሽና መሬት የተቀመጡት የበጉና የዶሮው ወጥ ድስቶች ናቸው። የሱፍ መሐል ቆሟል፤ ጋቢው ብቻ ነጭ ነው።

አብይ ቅጹን ዘርግቶ የጻፈውን አንድ በአንድ ይሰርዝ ጀመር። ሶፋ፤ ሰረዘ። ቴሌቪዥን፤ ሰረዘ። ምንጣፍ፤ ሰረዘ። ከዚያ ቀና አለ።

«ዶሮዋስ?»

«የኔ» አለች ኩኩ።

«በጓስ?»

ኩኩ አሚናን አየች፣ አሚና መሬት አየች። በሽር ጉሮሮውን ጠረገ። ባለቤት ነኝ የሚል ጠፋ።

«በጓማ የኔ ናት» አለ የሱፍ። ቀኑን ሙሉ ስለ አንድ ነገር «የኔ» ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ድምፁም ደረቱም ሞልቶ ነበር።

መጠየቅ አልነበረብኝም፤ ጥልቅ ነኝና ጠየቅኩ። «ሌላ አለቻችሁ?»

«የለችም» አለች ረውዳ። «ተሸጣ ለደሴ መመላለሻ ትሆነኛለች ብዬ ነበር ያሳደግኳት። አብሽሪ፣ ምንም አይደል።»

አብሽሪ አለችኝ፤ እኔን ልታጽናና። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መሐል የእነሱ የነበረችው በጓ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ የበላሁት እኔ ነኝ። አብይ እንኳ የበላው ዶሮ ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ቅጽበት አፍሬ አላውቅም።

አብይ የቤት እንስሳ በሚለው ትይዩ «የለም» ብሎ ጻፈ። እጁ ቀስ አለ እንጂ አልቆመም። ከዚያ እስክሪብቶውን ለየሱፍ ሰጠው።

የሱፍ «መክፈል አልችልም» የሚለውን ቃል በቃል አነበበ። መልሶ አነበበው። «መጨረሻው ላይ አልሀምዱሊላህ ብለህ ጨምርልኝ፤ ያኔ እፈርማለሁ» አለ።

ከመስመር ውጭ ነጥብ እንኳ የማይጨምረው አብይ፣ ባለማተቡ አብይ፣ ጎንበስ ብሎ በሚያምር ጽሑፍ «አልሀምዱሊላህ» ብሎ ጨመረበት። የሱፍ ፈረመ፤ እኛም ከሥሩ ፈረምን። ረውዳ ሮጣ ወደ መጋረጃው ገባች፤ የእናትና የልጅ ለቅሶና ሳቅ ተደባልቆ ወጣ።

ለመሄድ ስነሣ አሚና ድስቷን ልትወስድ መጣች። የሱፍ በእጁ ከለከላት።

«ድስቱ ያንቺ ነው፤ ይመለሳል። ሥጋው ግን የኔ ነው፤ እንግዳዬ አልጨረሰችም። ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

አንድ ቁራሽ እንኳ የሚወርድልኝ አልመሰለኝም። ረውዳ ግን ዓይኗን ጠርጋ ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ትልቁን ሥጋ ወደኔ ገፋችው። ሰሌኑ ላይ ተቀምጬ በላሁ።