የተቃናው መስመር

አባቱ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆመው የሱቅና የክሊኒክ ስም ሲጽፉ ማስመሪያ ይዘው አያውቁም። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግን ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብሩሾቻቸውንም ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱ።

ልጃቸው ፕሮግራመር ነው። በሥራ ቀን የመጋዘን ዕቃ መመዝገቢያ ይሠራል፤ እሑድ እሑድ ወላጆቹ ቤት መጥቶ ለራሱ ትንንሽ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ይጽፋል። እናቱ "ዛሬም ዕቃ ዕቃህን ልትጫወት ነው?" ይሉታል።

ያን ሰሞን የያዘው ጨዋታ ሰፈር ያስፈልገው ነበር፤ ቤቶች፣ በሮች፣ ታፔላዎች። አባቱ እንዲሥሉለት ብሎ አንድ የሥዕል ፕሮግራም ጻፈ። ስክሪኑ ላይ በብዕር ሲሠመር፣ የተንቀጠቀጠውን መስመር ወዲያው ያቃናዋል። አባት መጀመሪያ ሲሞክሩት መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አዩ። በሁለት ወር ውስጥ ሠላሳ አራት ቤት ሣሉ። ምሳቸው ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ከወንበሩ አይነሡም።

አንድ እሑድ ግን ብዕሩን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አሉት። "እኔ ሌላ እሠራለሁ፣ እሱ ሌላ ያወጣል። ማቃኛውን አጥፋልኝና እንደመጣልኝ ልሞክር።"

"እሺ አባዬ፣ የሚቀጥለው እሑድ።"

ከፕሮግራሙ ኮድ ሁለት መስመር መሰረዝ ብቻ ነበር። ነገር ግን ጨዋታው ውስጥ የምትሮጠው ድመት ግድግዳ ሰንጥቃ እያለፈች አስቸግራው ስለነበር፣ ቀጣዩም እሑድ፣ ከዚያ ያለውም በዚያው አለፈ። አባቱ ደግመው አልጠየቁም። ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛው ስትሮክ መጣ፤ ሐሙስን አላዩም።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። የአባቱን እጅ ፈለገ፤ የለም። ፕሮግራሙ መስመሩን ካቃና በኋላ የተንቀጠቀጠውን ይጥለዋል። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ እንዲያ አድርጎ የጻፈው ራሱ ነው። ሠላሳ አራቱም ቤት ቀጥ ያለ ነው።

ይህን ለእናቱ ነገራቸው። እሳቸው የሟቹን ሸሚዞች እያጣጠፉ ነበር።

"እሑድ እሑድ ገና በጠዋት ተላጭቶ ነበር የሚጠብቅህ" አሉት።

ከወራት በኋላ ጨዋታውን ጨርሶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ጥቂት ሰዎች ተጫወቱት። አንድ የማያውቀው ሰው ቤቶቹን የሣላቸው ማን እንደሆነ ጠየቀው። መልስ ጀመረ፤ "አባቴ" ብሎ ጻፈና ሠላሳ አራቱን ቀጥ ያሉ ቤቶች እንደገና ከፈተ።