ለአንድ ልጅ ሁለት ጥሪ

ወንድሜ ካሳ ለብሔራዊ ውትድርና በሄደ በወሩ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ተስፋው ደጃችን ቆሞ፦ «ገብረ ጻድቅ!» ብሎ ተጣራ።

እናቴ ጥሩሐረግ ሳቀች። «ተስፋው፣ ምን ነካህ? እሱኮ ካሳ ነው። የክርስትና ስሙ ነው። አንዱን ልጅ ስንት ጊዜ ትወስዱታላችሁ?»

«አውቃለሁ እትዬ። ጥሪው ግን መጥቷል። ገብረ ጻድቅ እሑድ ሰቆጣ ካልቀረበ የምታሰረው እኔ ነኝ።»

ይህን ብሎ እኔን አየኝ። በቤቱ የቀረው ወንድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ለማወቅ አልተቸገርንም። ተስፋው ለገበሬ ማኅበሩ ሲመዘግብ ካሳን «ካሳ» ብሎ ጽፎታል። ለመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው ተማሪ የመዘገቡት ግን ቄስ ገብረ አምላክ ናቸው። እሳቸው ያጠመቁትን ልጅ በክርስትና ስሙ እንጂ በሌላ ጠርተውት አያውቁም። ሰቆጣ ላይ ጥሪው የተጻፈው ከሁለቱም መዝገብ ነበር።

«እግዚአብሔር በሚያውቀው ስም ነው የጻፍኩት» አሉ ቄሱ።

እሳቸውን ይዘን ከአገራችን ከፃግብጂ ሰቆጣ ወረድን። የውትድርና ምዝገባ ቢሮው ጸሐፊ ሰምቶን ፈገግ አለ።

«እኔ አንድ ስም ከብዶኛል፤ እናንተ ሁለት ሁለት ትይዛላችሁ!»

«ልጄ፣ ያጠመቅሁት እኔ ነኝ። ሁለቱም አንድ ሰው ነው።»

«አምናለሁ አባ። ግን እኔ የተላከልኝን አስተላላፊ ነኝ። መሰረዝ የሚችለው የላከው ነው። ከገበሬ ማኅበራችሁ አጽፉ።»

ተመልሰን ለተስፋው ነገርነው። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ የላክሁት ካሳን ነው። ያልላክሁትን ገብረ ጻድቅ እንዴት ልሰርዘው?»

ገብረ ጻድቅን የላከው የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ደግሞ ዘመቻው ሲያበቃ ተበትኗል። የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ተስፋው እንዳይታሰር ግን አንድ ሰው መቅረብ ነበረበት።

እሑድ ጠዋት እናቴ እስከ ሰቆጣው ቢሮ ግቢ በር ሸኘችኝ። 

«ምንዋጋው» አለችኝ፣ «ወንድምህ ከሄደ ጀምሮ ‹ገብረ ጻድቅን ጠብቅልኝ› እያልኩ ነው የምጸልየው። አሁን እንደዚያ ብዬ ብለምን የትኛችሁን ይጠብቅልኝ?»

ከውስጥ ስም ይጠሩ ጀመር።

«ገብረ ጻድቅ!»

እናቴን አየኋት።

«አቤት» አልኩ።