የናሎንጎ ዲስክ

ሌባ እጁ ይሰበር! ዋንዴጌያ ሰፈር ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ስጠግን እንደ ዘንድሮ ተቃጥዬ አላውቅም። በመጋቢት የሊኑክስ ሲዲ ዲስኬ ከጠረጴዛዬ ላይ ተሰረቀ። ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ያንን ዲስክ ከከተቱበት የራሱን ትቶ በዲስኩ ይነሳል፤ ያኔ የታፈነውን ፋይል ማየት ነው። ማን እንደወሰደው አውቃለሁ፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ጠጋኝ ሙዋንጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለን። ደግሞም ከዚያ ወዲህ ወንበሩም፣ መፍቻውም፣ ዲስኩም፣ ለጥገና የመጣው ማሽንም ሳይቀር «የናሎንጎ ነው» የሚል ወፍራም ወረቀት እለጥፍበታለሁ። መንታ ስለወለድኩ ናሎንጎ ነው የሚሉኝ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ናንቶንጎ የምትባል ልጅ አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፋ መጣች። ወረቀቴን ክዳኑ ላይ ለጠፍኩና «ምን ሆነ?» አልኳት።

«አልነሳ አለ፣ ናሎንጎ። አባቴ ከመሞቱ በፊት ወራሹ ታናሽ ወንድሜ እንዲሆን የተናገረው እዚህ ውስጥ ነው፤ በራሱ በላፕቶፑ ካሜራ ቀድቼዋለሁ። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ የጎሳው ሽማግሌዎች ወራሹን የዛፍ ቅርፊት ልብስ አልብሰው ጦር ያስይዙታል። አጎቴ ከሌላ ሴት የተወለደውን ታላቃችንን ነው የሚፈልጉት። እሱ ደግሞ ቤቱን ሊሸጥ ተስማምቷል፤ እናቴን ያስወጣታል። በስልክ እንኳ ባሰማቸው!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?»

«ትናንት ነው የተበላሸው።»

በተሰረቀው ምትክ የቀዳሁትን ዲስኬን ከተትኩ። የዲስክ ማንበቢያው አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፤ ስክሪኑ ጨለማ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ ከዲስክ እንዲጀምር አደረግሁት። ጨለማ! በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት። አሁንም ያው ነው። የፍላሽ መሰኪያዎቹ ሁለቱም ተሰብረዋል። ሃርድ ዲስኩን ልፍታ ብል ብሎኖቹ ዝገው ጥርሳቸው ተበልቷል። ምን ዓይነት እርግማን ነው!

አዲስ ዲስክ ቀዳሁ። በራሴ ኮምፒውተር ስሞክረው ብድግ ብሎ ተነሳ። ወረቀቴን ለጠፍኩበትና የእሷ ላፕቶፕ ውስጥ ከተትኩት። ተንቀጠቀጠ፣ አጉረመረመ፣ ዝም አለ።

«ጥለሽዋል!» ብዬ ጮህኩባት።

«ኧረ አልጣልኩትም፣ ናሎንጎ።»

«አትዋሺኝ! እኔ ጋ የሠራ ዲስክ አንቺ ጋ ሲደርስ ምን ነካው? ማንበቢያውን ሰብረሽዋል!»

እንባዋን ዋጥ አደረገች። «ከፊት ለፊት ያሉትን ሰውዬ ብንጠይቃቸውስ?»

«ብሞት የሌባ ደጅ አልረግጥም!»

ይኼን ስል አራት ሰዓት ተኩል ነበር። ሦስተኛ ዲስክ በዝግታ ቀዳሁ፤ ሞከርኩት፣ ሠራ። ለጠፍኩበት። እምቢ አለ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወንድሟ ደውሎ «ለሥርዓቱ ምንጣፉን አንጥፈዋል» አላት። ትንሽ ቆይታ ሳትነግረኝ ተነስታ መንገዱን ተሻገረች።

ሙዋንጋን ይዛው መጣች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ዲስክ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ያንቺው ነው» አለ አቀርቅሮ። «ለግማሽ ሰዓት ብዬ ነበር የወሰድኩት። ስትራገሚ ሰማሁና ለመመለስ አፈርኩ።»

«ዓይን አውጣ!» አልኩት። ግን ዲስኩን ከእጁ መንጭቄ ከተትኩት። ማንበቢያው አላጉረመረመም። ስክሪኑ በራ፤ ማሽኑ ተነሳ።

ያው ላፕቶፕ፣ ያው ማንበቢያ። ሙዋንጋ ከሦስቱ ዲስኮቼ አንዱን አንስቶ እርሳስ ላይ ሰክቶ አሽከረከረው። ወረቀቱ ወደ ተለጠፈበት ጎን አዘንብሎ ተንገዳገደ። ለካ ዲስኩን የሚያንቀጠቅጠው ወረቀቴ ነው፤ ሁልጊዜ የምሞክረው ደግሞ ሳልለጥፍ ነው! የተሰረቀው ወረቀት አልነበረበትም።

«ተናገር እንጂ!» አልኩት። ዲስኩን ከእርሳሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ መለሰ።

የአባትዬውን ፋይል አግኝቼ ስከፍት የናንቶንጎ ስልክ ጮኸ። ከስልኩ ውስጥ እልልታ ይሰማል።

«ታላቃችንን አለበሱት» አለ ወንድሟ። «ጦሩንም አስያዙት። ቶሎ እንጨርስ አሉ።»

ስድስት ሰዓት ከአምስት ነበር። ያንን የቅርፊት ልብስ አንዴ የለበሰ አይገፈፍም፤ ይኼን እዚህ አገር ሕፃንም ያውቃል። አባትዬው ከላፕቶፑ ውስጥ መናገር ጀመሩ። ልዘጋው እጄን ሰደድኩ።

«ይተዉት፣ ናሎንጎ» አለች። «ድምፁን ልስማው።»

ሰውዬው የትንሹን ልጃቸውን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ፤ ሳል አቋረጣቸው። «እናታችሁ ከቤቷ እንዳትነሳ» አሉና አለቀ።

ላፕቶፑን ከደነችው። «ስላደከምኩዎት ይቅርታ። ስንት ልክፈል?»

ምናለ ብትሰድበኝ! ምናለ ያንን ጠረጴዛ በላዬ ብትገለብጠው! «ሂጂልኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ በእሷ ላይ አልነበረም።

ላፕቶፑን እንደ አመጣጧ ታቅፋው ወጣች። ክዳኑ ላይ ወረቀቴ እንደተለጠፈ ነበር፤ «የናሎንጎ ነው» ይላል።