ልብስ ሰፊዋ

ብርቅዬ በሕይወቷ ቀሚስ ሰፍታ አታውቅም። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለው የእነ ወለተጻድቅ ቤት ግን የሚያውቃት በልብስ ሰፊነት ነው። በጤና ጣቢያው የኤችአይቪ ታማሚዎችን የምትከታተል ሠራተኛ ነበረች፤ እሷም እነሱ የሚውጡትን ኪኒን ትውጣለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ብርቅዬ ግን ለደበቁትም ስታደርስ የኖረች ናት። የወለተጻድቅ መድኃኒት ሲደርስ ትደውልና «ቀሚስሽ ተሰፍቶ አልቋል» ትላታለች፤ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ተገናኝተው በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጣታለች። ወለተጻድቅ ጤና ጣቢያው በር ድርሽ አትልም፤ ጥበቃው የባሏ የእድር ጓደኛ ነዋ። «ባሌ መኳንንት ካወቀ ትዳሬ አለቀ» ብላ ብርቅዬን በኪዳነ ምሕረት አስምላታለች።

ከዚያ ባሕር ማዶ አንድ ፊርማ ተፈረመና የእነ ብርቅዬን ደመወዝ የሚከፍለው የርዳታ ገንዘብ ቆመ። መድኃኒቱስ አልቀረም፤ የቀረው ጠሪው ነው። ብርቅዬን ባጇንና የቢሮውን ስልክ ተቀብለው አሰናበቷት፤ የወለተጻድቅም ቁጥር ከስልኩ ጋር ሄደ።

ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት ከርማ የጤና ጣቢያውን ነርስ ብትጠይቃት፣ የወለተጻድቅን መድኃኒት የወሰደ የለም።

«ስጪኝና ላድርስላት።»

«አንቺ እኮ አሁን ሠራተኛ አይደለሽም» አለች ነርሷ እያዘነች። «ራሷ ወይም የቤተሰብ ሰው ይምጣ።»

ብርቅዬ ሰፈሩን ጠይቃ ጠይቃ ቤቱን አገኘችው። በር የከፈተላት መኳንንት ነበር። ሰፊዋ መሆኗን ስትነግረው ፊቱ በራ።

«ግቢ እህቴ። ስልክሽ ዝግ ነው እያለች ስትብሰለሰል ነው የከረመችው።»

ወለተጻድቅ አልጋ ላይ ናት። ከመክሳቷ የተነሣ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም፤ ሳሉ ትንፋሽ አይሰጣትም። 

«ሐኪም ቤት ብላት እንቢ አለችኝ» አለ መኳንንት። «ጠበልም ወስጃት ነበር። አሁን የምትጠራው ያንን ቀሚስ ብቻ ነው። ደርሷል?»

«ደርሷል ጋሼ። ግን ለእኔ አይሰጡኝም። የቤተሰብ ሰው ይምጣ ብለዋል።»

«ታዲያ እኔ አለሁ አይደል?» ኮቱን ከምስማሩ አውርዶ ለበሰ፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። «ሱቁ የት ነው?»

ጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ ነበር። ብርቅዬ ወደ አልጋው ዞረች። ወለተጻድቅ ዓይኗን ተክላባታለች፤ ትራሱ ላይ ያለው ራሷ ቀስ ብሎ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ።

«እህቴ፣ ሱቁ የት ነው አልኩሽ እኮ» አለ መኳንንት የጫማውን ክር እንደያዘ።