የገበሩ ኪስ

«ደውልበት እስቲ፤ እዚሁ ቤት ካለ ይሰማል» አለ የሟቿ ሴት ልጅ ባል።

የሚስቱ ወንድም የራሱን ስልክ አወጣና የሟች እናቱን ቁጥር ነካ። ለቅሶ የደረሱት ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንዷ የሻይ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። እናትየው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከተቀበረች ሳምንት ሊሆናት ነው፤ ስልኳ ግን ከሞተችበት ቀን ጀምሮ የውሃ ሽታ ሆኗል።

ስልኩን የፈለገችው ልጅቱ ነበረች። ራቅ ካለ ከተማ፣ ከባሏ ጋር፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ የደረሰችው ልጅ። ገና እንደገባች እንባዋን ሳትጠርግ ወንድሟን «የእማዬን ስልክ ለኔ ስጠኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችው። ወንድምየው እሷን ትቶ ባሏን አየ።

«ምን ያደርግላታል?» አለ ባልየው እየሳቀ። «የኔ ስልክ አለ አይደል? የኔ የሷ አይደለም እንዴ?»

በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሁለቱ ወንዶች በእሷ አናት ላይ ተነጋግረው ስልኩን ለወንድምየው ልጅ አደረጉት። ሊወስዱት ሲሉ ደግሞ የለም። የተናደዱት ለዚህ ነው።

«ይጠራል!» አለ ወንድምየው።

እዝዝዝ... እዝዝዝ...

ልጅቱ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ድምፁ የሚመጣው አጠገቧ ከተቀመጠችው ከአትክልት ሻጯ ጡት ስር ነው። ዞር ብላ አየቻት። አትክልት ሻጯ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ላቧ ግንባሯን አጥቦታል።

እዝዝዝ...

«ውይ ጓደኛዬ!» ብላ አትክልት ሻጯ ድንገት ጮኸች። «ውይ እጀ ወርቋ! የት ብዬ ላግኝሽ!»

ሌሎቹ ሴቶች እንደተመካከረ ሰው ተቀበሏት፤ ቤቱ በለቅሶ ቀለጠ። ወንድምየው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ግራ ተጋባ፤ ሰው ሲያለቅስ መደወሉም ነውር መሰለውና ዘጋው። ባልየው እንኳ አቀረቀረ። የሚገርመው ግን ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ሴቶቹ አላቆሙም። ለመሸፈኛ የጀመሩት ለቅሶ እውነት ሆኖባቸው አረፈው።

እነዚህ ሴቶች ልብስ ሰፊዋ ቤት «ልክ ለመለካት» ሲመላለሱ የኖሩ ናቸው። የሰፈሩ ወንዶች ይህን ሲቀልዱበት ኖረዋል። «ሚስቴ በየሳምንቱ ትለካለች፤ አዲስ ቀሚስ ግን አላየሁባትም» ሲል አንዱ፣ «ልኳ ሳይያዝ እየወፈረች ይሆናላ!» ይላል ሌላው። ሴቶቹ አብረው ይስቃሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሰፈሩ ውስጥ ኔትወርክ እንደልብ አይገኝም፤ በስፌቷ ክፍል ግን ኢንተርኔት ነበር። ልብስ ሰፊዋ የስፌቷን ትርፍ አጠራቅማ አስገብታው የኢንተርኔቱን ሳጥን ከክር ጥቅሎቹ ኋላ ደብቃው ነበር። እዚያ ቁጭ ብላ አንዷ የልጇን የፈተና ውጤት ታያለች፤ ሌላዋ ከሐኪም ቤት ቀጠሮ ትይዛለች፤ አትክልት ሻጯ የገበያውን ዋጋ አይታ ደላላውን በጠዋት አፉን ታስይዘዋለች። ድንገት የአንዷ ባል ብቅ ካለ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ታነሳና «ክንድሽን አንሺ! ዝም ብለሽ ቁሚ እንጂ!» ብላ ትቆጣለች። ከባሎቻቸው የደበቋቸው ስልኮችም ወደ ቤት የሚመለሱት እሷ በሰፋችው ኪስ ነው፤ ከገበሩ ውስጥ፣ ከግራ ጡት ስር፣ ከውጭ የማይታይ። «ስልክ ኪስ ከሌለው የባል ነው» ትል ነበር።

ልጅቱ ይህን ሁሉ የሰማችው በዚህ ሳምንት በሹክሹክታ ነው። ሰምታም አንጀቷ አረረ። ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ደርሳ ለኔስ?

በመጨረሻው ቀን ባልየው መኪናውን ሊያሞቅ ሲወጣ፣ አትክልት ሻጯ ልጅቱን ክንዷን ይዛ ወደ ስፌቷ ክፍል አስገባቻትና በሩን ገፋ አደረገችው። እጇን ብብቷ ስር ሰዳ ስልኩን አወጣች።

«እንኪ። እናትሽ ልትሞት ስትል እጄ ላይ ያስቀመጠችው ነው። "ለልጄ ስጪልኝ፤ ወንዶቹ ካገኙት አለቀ" አለችኝ።»

«እትዬ፣ ስትታመም ለምን አልነገራችሁኝም?»

አትክልት ሻጯ ደነገጠች። «አልነገርንሽም? በየቀኑ ባልሽ ስልክ ላይ እንደውል አልነበር እንዴ! "እሺ፣ እነግራታለሁ" ይለን ነበር። ሰንብታ እኮ ነው የሞተችው፣ ልጄ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር "መጣች?" ትል ነበር።»

ልጅቱ ቀኖቹን በልቧ ቆጠረች። ባሏ «እናትሽን ትንሽ አሟታል» ያላት መንገድ በጀመሩበት ጠዋት ነው፤ ያውም ጫማውን እያሰረ። ሲደርሱ አፈሩ ደርቋል። «እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» ብሏታል። እሷም አምናው ነበር።

«የት አደርገዋለሁ?» አለች ስልኩን እያየች። «ቦርሳዬን ይፈትሻል።»

«ኪስሽ ውስጥ ነዋ! ለኛ የሰፋች ለልጇ ሳትሰፋ ቀርታ ነው?»



ሰፍታላት ነበር። ካገባች በኋላ የተላከላት የመጀመሪያው ቀሚስ ኪስ ነበረው። ባሏ ቀሚሱን ገልብጦ ጣቱን አስገባበት። «ይሄ ምን ይገባበታል?» «ምንም።» «ምንም ካልገባበት ዝጊው።» እሱ ቁርሱን እየበላ፣ እሷ ፊቱ ቁጭ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ የመጣላትን ቀሚስ ሁሉ ሳትጠየቅ ቀድማ ትደፍነዋለች። እናቷን ልትጠይቅ ስትመጣ አሮጊቷ ልኳን የምታይ መስላ ጎኗን ትዳስሳለች፣ ስፌቱን ታገኘዋለች። «ልክሽ አልተለወጠም» ብቻ ነው የምትላት። የሚቀጥለውን ቀሚስ ደግሞ ከነኪሱ ትልክላታለች። ይሄ የለበሰችው ጥቁር ቀሚስ የመጨረሻው ነው። እሱንም ደፍናዋለች።

ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ።

ልጅቱ የእናቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። መተርተሪያዋ እንደወትሮው ከስፌት መኪናዋ ጎን ተሰክታለች። ቀሚሷን ገልብጣ መተርተር ጀመረች። የገዛ ስፌቷ እምቢ አላት፤ ደቃቅና ጥብቅ ነው፣ እናቷ ያስተማረቻት ዓይነት። እየተረተረች አለቀሰች። «አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ!» ትላታለች አትክልት ሻጯ በሩን በጀርባዋ ይዛ፣ እሷም እያለቀሰች። ኪሱ ተከፈተ፤ ስልኩ ገባ። ልክ ነው፤ የጣት ያህል እንኳ ትርፍ የለውም።

«ንዝረቱ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! ያ የናትሽ ሥራ ነበር። ታሳየኛለች ስል ጥላኝ ሄደች።»

ሴቶቹ አንድ በአንድ አቅፈው ሸኟት፤ ሁሉም ከቀኝ በኩል። ወንድምየው «ስልኩን እንግዲህ የወሰደው ይጠቀምበት» ብሎ ከባሏ ጋር ተጨባበጠ።

ከተማው ወደ ኋላ ቀረ። ባልየው መስኮቱን ዘግቶ ስለ ነዳጅ ያወራል። በሩ ከእሱ በኩል የሚቆለፍ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው፣ ዛሬ ግን ድምፁን ሰማችው። ቤቱም እንደዚያው ይጠብቃታል። ያው በር፣ ያው ወንበር፣ ያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የእሱ ስልክ።

እዝዝዝ...

ጡቷ ስር ነዘራት። ከሴቶቹ አንዷ «ደረስሽ ወይ?» ልትል ነው።

ባልየው ወሬውን አቋረጠ። «ምንድን ነው?»

ልጅቱ መዳፏን ደረቷ ላይ ጫነችና «እማዬ!» ብላ ጮኸች። «ውይ እማዬ! ውይ እናቴ!»

ባልየው ደንግጦ መኪናውን አቀዘቀዘ። «አይዞሽ... በቃ፣ በቃ እንጂ» አለ፣ የሚያደርገው ጠፍቶት።

ስልኩ ከመዳፏ ስር ጥቂት ነዝሮ ዝም አለ። እሷ ግን ዝም ማለት አቃታት።