ቀድሞ የሚገባው ኳየር

የኳየሩ መሪ ወንድም መልከጼዴቅ ቀረጻውን አቆመና «እዚህ ጋ» አለ።

ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አጫወተው። ከሰበታ አስፋልት ገባ ብላ የተሠራችው የቆርቆሮ ጸሎት ቤት በመዝሙር ተሞላች። ኦርጋኑ መታ፣ ኳየሩ ገባ፣ ከኳየሩ ኋላ ደግሞ አንድ የሴት ድምፅ ሚኒባስ እንዳመለጣት ሰው እየሮጠ ደረሰ።

«ማነው ይሄ?»

ማን እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። ማወቃቸው እንዳይታወቅባቸው ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ያዩ ጀመር። ጫማው ደግሞ ያን ያህል የሚታይ ነገር አልነበረውም።

«እኔ ነኝ» አለች ጣቢታ። «ግን አልዘገየሁም።»

«እህት ጣቢታ፣ ኮምፒውተር ለማን ብሎ ይዋሻል? ዘመድ አለው?»

አንዳንዶቹ ሳቁ። ጣቢታ ጆሮዋ ጋለ። ከሆሳዕና መጥታ የብስኩት ፋብሪካ ከገባች ዓመት አልፏታል። ማሸጊያው ላይ ነው የምትሠራው፤ መቁረጫው ሲወርድ እጅ መነሣት አለበት፣ ያልተነሣ እጅ ጣት ያስረክባል። አሥሩም ጣቶቿ አሉ። እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ መልከጼዴቅ በየሳምንቱ ሰው ፊት እያቆመ «ትዘገያለሽ» የሚላት።

መልከጼዴቅ ለዚህ ጉዳይ ትምህርትም ነበረው። «ኦርጋኑን ሰምቶ የሚገባ ሰው በሥጋ ነው የገባው» ይላል፤ «እምነት ማለት ሳይሰሙ መግባት ነው። ቀደም በሉ! ቀደም!» ኳየሩም ቀደም ይል ነበር። ጣቢታ ግን አገሯ ሳለች ኦርጋን ሲመታ አብራ መግባት ነው የለመደችው፤ ሳይመታ መግባት እምነት ሳይሆን ችኮላ ይመስላት ነበር።

«ሱሉልታ ጉባኤ ላይ ልንዘምር ነው» አለ መልከጼዴቅ ወረቀቱን እየሰበሰበ። «ቅዳሜ እንቀዳለን። ቅዳሜም ከዘገየሽ፣ እህቴ፣ በመስተንግዶ ክፍል ብታገለግዪ ይሻላል። ሻይ ማፍላትም ጸጋ ነው።»

«ሻዩንስ ቀድሜ ነው የማፈላው ወይስ ውኃው ሲሞቅ?» አለች ጣቢታ። ማንም አልሳቀም። ቦርሳዋን አንሥታ ስትወጣ የቆርቆሮውን በር ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው።

በማግስቱ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ቀጄላ ሄደች። ቀጄላ የተፍኪ ታክሲዎች ከሚቆሙበት አጠገብ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። የጸሎት ቤቱ ኮምፒውተር አሮጌ ሆኖ ሲሰጣቸው ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር የጫነበት እሱ ነው፣ የበሩ ቁልፍም እሱ ጋ ነው። ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ድምፅ ያለው ሰው ነው።

«ቀጄላ፣ ያ ኮምፒውተርህ ይዘገያል።»

«ትዘገያለህ የተባለ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው።»

«አትቀልድብኝ። ተነሥ!»

«ደንበኛ እየጠበቅኩ…»

«ደንበኛህ ይዘገያል፤ አገሩ በሙሉ ይዘገያል፤ የሚነገረው ለእኔ ብቻ ነው! ተነሥ አልኩህ!»

ተነሣ። ጸሎት ቤቱን ከፈተ፣ ኮምፒውተሩን አስነሣ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ማጉረምረሙን እስኪጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ቀጄላ እያመነታ አንድ ነገር አደረገ። ሄድፎኑን ማይኩ ላይ አስጠግቶ አሰረው። ከኮምፒውተሩ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ አጫወተ፤ ማይኩም ያንኑ ድምፅ መልሶ እንዲቀዳ አደረገ። ማይኩ ፊት ሰው የለም። የሚዘገይ ሰው አልነበረም።

በስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ታየ፤ ላይኛው የተጫወተው፣ ታችኛው የተቀዳው። የታችኛው «ጠቅ» በሙሉ ከላይኛው ወደ ቀኝ ፈቀቅ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ጣቢታ።

«እ… መዘግየት ነው።»

«ማነው የዘገየው?»

ቀጄላ ማንም ያልቆመበትን ማይክ አየ።

«ማነው? ንገረኝ እንጂ! ይሄንንም መስተንግዶ ክፍል አስገቡት! ሻይ ያፍላ!»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባት። ኦርጋኑ ቀድሞ ተቀድቶ ከዚህ ኮምፒውተር ነው የሚጫወተው፣ የሰው ድምፅም በማይኩ ወደዚሁ ነው የሚገባው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሰው የዘመረውን እያሳደረ ነው የሚቀበለው። በሰዓቱ የገባ ሰው ቀረጻው ላይ ዘግይቶ ይገኛል። ኳየሩ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዘግይቶ ነበር፤ መልከጼዴቅ ጮኸባቸው፣ ቀደም አሉ፤ እንደገና ጮኸ፣ ይበልጥ ቀደሙ፤ በመጨረሻ ቀረጻው ተስተካከለና «እምነት» ተባለ። የአሮጌ ኮምፒውተር ሕመም ትምህርት ሆኖ ተሰበከ።

«ድምፁን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም የድሮው ስለሆነ ነው» አለ ቀጄላ አንገቱን እያሻሸ። «ተተኪ ወጥቶለታል። ቆየ እንኳ። ሊኑክስ ላይ ሰው ሁሉ ቀይሮታል።»

«አንተስ?»

«እኔማ…» ወደ በሩ አየ። «አንድ ጊዜ ሳድሰው እሑድ ጠዋት ድምፅ ጠፋ። መልከጼዴቅ መድረክ ላይ ጠርቶኝ፣ ሕዝቡን አስነሥቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ ተጸለየ። በእኔም ላይ። እጅ ተጭኖብኝ። እናቴ ፊት። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር ለምን እነካለሁ?»

«ይሠራል እንዴ?»

«ድምፅ ያወጣል።»

«አንተ አንዴ ስለተጸለየብህ እኔ ዓመት ሙሉ ልዋረድ?» አለችና ወንበር ሳበች። «ቀይረው። እዚሁ ተቀምጬ አያለሁ።»

ቀጄላ ጀመረ። ኢንተርኔቱን ከስልኩ ሰጠው። አዲሱን ጫነ፣ አሮጌውን አቆመ። አሮጌው ተመልሶ ተነሣ። እንደገና አቆመው፤ እንደገና ተነሣ።

«ምንድን ነው የሚያደርገው?»

«ሲያጠፉት ራሱን ያስነሣል። ሌላው ፕሮግራም ሲጠራው ‹አለሁ› ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ ካሉ ደግሞ ይጣላሉ።»

«ሥልጣን አልለቅም አለ በለኛ። የማውቀው ሰው ይመስላል።»

ቀጄላ ሳቁን ዋጠው። አሮጌውን ከነሥሩ ነቅሎ አወጣ። በዚህ ጊዜ ድምፅ በሙሉ ጠፋ፤ ስክሪኑም ስሙ ብቻ የድምፅ መውጫ የሆነ፣ ምንም ድምፅ የማያወጣ ነገር አሳየ። የቀጄላ ፊት አመድ ሆነ። መድረኩን አየ፣ እጅ የተጫነበትን ቦታ። «ይኸው! ይኸው እንደዛን ቀን!»

«አትንቀጥቀጥ፤ እናትህ የለችም» አለች ጣቢታ። «አጥፍተህ አስነሣው።»

አጥፍቶ አስነሣው። ማራገቢያው አጉረመረመ። ሄድፎኑን መልሶ ማይኩ ላይ አሰረና «ጠቅ፣ ጠቅ» አስባለው። ሁለቱ መስመሮች አንዱ ከአንዱ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ።

ጣቢታ ትክክል መሆኗን በዓይኗ ስታይ ንዴቷ የሚበርድ መስሏት ነበር። ባሰባት። እስካሁን ቢያንስ «ምናልባት እኔ እሆናለሁ» የምትልበት ሌሊት ነበራት፤ አሁን እሱም ቀረ። ዓመት ሙሉ የዋጠችው ሁሉ ደረሰኝ እንዳገኘ ዕቃ ተመልሶ መጣ።

«ግን ጣቢ» አለ ቀጄላ፣ «ኳየሩስ? እነሱ እኮ መቅደሙን ለምደውታል። ቢከፋ የድሮውን በደቂቃ መልሼ እጭነዋለሁ።»

«ለማንም እንዳትናገር። ቅዳሜ በራሳቸው ጆሮ ይስሙት።»

ቅዳሜ ተሰበሰቡ። ኦቦ ዲሪባም መጥተው ነበር፤ ሽማግሌ ናቸው፣ መሬቱን ለጸሎት ቤቱ የሰጡት እሳቸው ናቸው፣ ሁልጊዜ ከኋላ ተቀምጠው በከዘራቸው ወለሉን እየመቱ ያዳምጣሉ። ኳየሩ በእምነት ገባ። ጣቢታ በኦርጋኑ ገባች። ተቀዳ።

መልከጼዴቅ ማጫወቻውን ነካ። ኳየሩ ኦርጋኑ ሳይጀምር ገባ፤ ታክሲው ሳይቆም የሚንጠላጠል ሰው ይመስል ነበር። ከእነሱ ኋላ፣ ልክ ኦርጋኑ ላይ፣ አንድ የሴት ድምፅ ብቻውን ቆሟል።

«ይኸው!» አለ መልከጼዴቅ ከልማድ፣ ጣቱን እንዳነሣ። «ዛሬም ዘገ…» ጣቱ አየር ላይ ቀረ። መልሶ አጫወተው።

ከኋላ የኦቦ ዲሪባ ከዘራ ከኦርጋኑ ጋር ወለሉን መታ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ ብቻ ናት ከሙዚቃው ጋር ያለችው» አሉ። «ሌሎቻችሁ ወዴት ነው የምትቸኩሉት? ዝናብ መጣ እንዴ?»

መልከጼዴቅ ዞረ። ወደ ኳየሩ አይደለም፣ ወደ ቀጄላ ነው። «ምን አደረግክበት?»

ቀጄላ ነገረው። ድምፁ እንደተለመደው ትንሽ ነበረች፤ ግን የሁለቱን መስመር ፎቶ በስልኩ አሳየ፣ የበፊቱንም የአሁኑንም። መልከጼዴቅ ፎቶውን የሰው ደብዳቤ እንደሚያይ ሰው በጎን አየው።

«መልሰው» አለ።

«ምኑን?»

«የድሮውን። ኳየር በሙሉ ከሚበላሽ አንድ ሰው ትስተካከል። ሱሉልታ ደርሷል እኮ!»

ጣቢታ ከመስመር ወጣች። «ቆይ፣ ቆይ። እኔ ስዘገይ ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ኮምፒውተር አይዋሽም ተባለ። አሁን እናንተ ስትቀድሙ ጥፋቱ የኮምፒውተር ሆነ?»

«እህት ጣቢታ፣ በፍቅር…»

«በፍቅር አትበለኝ! እዚህ ቦታ ላይ ስንት ቅዳሜ ነው ያቆምከኝ? ‹በሥጋ ነው የምትገቢው› ስትለኝ እነዚህ ሁሉ ጫማቸውን ያዩ ነበር። አሁን ምነው ጫማችሁን አላያችሁም? እዩዋ!»

ባይወዱም አዩ።

«ቀጄላ፣ መልሰው ብዬሃለሁ» አለ መልከጼዴቅ።

ቀጄላ ማውዙን ያዘ። ጣቢታን አየ፣ ከዚያ መድረኩን ረዘም አድርጎ አየ። ማውዙን ለቀቀው።

«የድሮው የለም» አለ።

«እንዴት የለም?»

«አጥፍቼዋለሁ። አይመለስም።»

ጣቢታ ዞራ አየችው። በደቂቃ እንደሚመለስ በአፉ ነግሯታል። ያ ትልቅ ሰውዬ ጸሎት ቤት ውስጥ ቆሞ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ዓይኑን ሳያሽ እየዋሸ ነው።

«ከጠፋ ጠፋ፣ ዲሲ፣ ተወው» አሉ ኦቦ ዲሪባ ከዘራቸውን ተደግፈው እየተነሡ። «መቅደም የለመደ መጠበቅ ያቅተዋል? በሬ እንኳ ይለምዳል።»

መልከጼዴቅ ለተወሰነ ጊዜ ወረቀቱን አገላበጠ። ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ ጥርት ብሎ ነበር። «ስሙኝ» አለ ለኳየሩ። «እምነት ማለት መጠበቅ ነው። ምን ያህል ጊዜ ነግሬያችኋለሁ! አትቸኩሉ! ኦርጋኑ ሲመታ ብቻ!» ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ባለመታዘዛቸው ያዘነ ይመስል ነበር። «እህት ጣቢታ፣ ነይ አንቺ ፊት ቁሚ። የሚቀድሙትን ያዢልን።»

ጣቢታ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር ጠበቀች። «ይቅርታ» የሚል ቃል ያለበትን። አልመጣም። መልከጼዴቅ ኦርጋኑን ከመጀመሪያው አስነሣ።

በሩ ክፍት ነበር። ብትወጣ ማንም አይይዛትም፤ ቦታዋንም አብራ ትታላቸው ነው የምትወጣው። ኦርጋኑ ሊመታ ሆነ። ሄዳ ፊት ቆመች፣ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ ኦርጋኑ ሲመታ ገባች። ከኋላዋ ግማሹ ቀደመ። ዞራ አየቻቸው። በሁለተኛው ማንም አልቀደመም።

ሱሉልታ ላይ የባሕር ዛፉ ነፋስ ድንኳኑን ሲያርገበግበው ነበር የዘመሩት። ኳየሩ እንደ አንድ ሰው ገባ። የጣቢታ ድምፅ ግን ከሁሉም በላይ ወጣ፤ እያንዳንዷን ቃል መቁረጫው ሥር እንደምታስገባ አድርጋ፣ ልክ በሰዓቷ እየጣለች፣ ዓይኗን መልከጼዴቅ ላይ ተክላ ዘመረች። ሰው ተነሥቶ አለቀሰ።

ሲጨርሱ አንዲት የአገሩ እናት መጥተው አንገቷን አቀፏት። «እንዴት ያለ እሳት ነው ልጄ! እንዴት ያለ ቅባት ነው! እንዲህ የሚያነድሽ ምንድን ነው?»

ጣቢታ አፏን ከመክፈቷ መልከጼዴቅ ከጎን ደረሰ። «ክብሩን ጌታ ይውሰድ፣ እናቴ» አለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እኛ ኳየር በሰዓት ጉዳይ አንደራደርም።»

ሴትዮዋ «አሜን» አሉ።

ጣቢታም «አሜን» አለች፤ ጥርሷ ግን አልተከፈተም። ቀጄላ ከድንኳኑ ጥግ፣ ኮምፒውተሩን በፎጣ እየጠቀለለ፣ ጫማውን አየ።